አሥር ሰው እስኪሞላ

ኮሮና ወደ አገራችን መግባቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር፤ የክትባቱ ዘመቻ የተጀመረውም ልክ በዓመቱ፣ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። በእነዚህ ሁለት መጋቢቶች መካከል ስለ ክትባት የምናወራው ወሬ መልኩን ደጋግሞ ቀይሯል። መጀመሪያ «ለመሆኑ ይገኝለት ይሆን?» እንል ነበር፤ ከተገኘ በኋላ «ለእኛስ መቼ ይደርሰናል?» ማለት ያዝን፤ ደርሶ የሰፈራችን ጤና ጣቢያ ሲገባ ደግሞ «እንከተብ ወይስ ይቅርብን?» ወደሚለው ዞርን። ይህን የምጽፈው በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ እናቴ የመጀመሪያውን ዙር ወስዳ ሁለተኛውን በምትጠባበቅበት ወቅት ሲሆን፣ አሁን ላይ ሆኜ ሳስበው ከሁሉም ያስቸገረን የመጨረሻው ጥያቄ እንደነበረ አልጠራጠርም። የቀደሙትን ተመራማሪዎችና መንግሥታት መለሱልን፤ ይህኛውን ግን የመለስነው እኛው በእኛው፣ በሰፈራችን ሰው ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የሚረሳ ሰው ያለ አይመስለኝም። ከቡርኪና ፋሶ የመጣ አንድ የ48 ዓመት ጃፓናዊ በቫይረሱ መያዙ ዓርብ ዕለት ተነገረ፣ ሰኞ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ፤ በመካከሉ ባሉት ሁለት ቀናት ውስጥ ደግሞ በሰፈራችን ጉሊት የነጭ ሽንኩርት፣ የዝንጅብልና የሎሚ ዋጋ ሰማይ ነካ። እናቴ ፌጦ እየወቀጠች፣ በሎሚ እያሸች፣ ጠዋት ጠዋት ለእያንዳንዳችን በማንኪያ ታድለን ጀመር። ዳማ ከሴውም፣ ጤና አዳሙም ከየጓሮው እየተለቀመ ቤቱ የሐበሻ መድኃኒት ቤት መሰለ። ይህ ሁሉ ኮሮናን እንደማያድን ጠፍቷት አልነበረም፤ ስንነግራት «ሌላ ምን አላችሁና ነው?» ትለን ነበር። መድኃኒትም ክትባትም እንዳልተገኘለት በየሰዓቱ በሬዲዮ ይለፈፍ ስለነበር ለዚህ ጥያቄዋ የሚሆን መልስ ማናችንም አልነበረንም፤ አፋችንን ከፍተን ፌጦውን ዋጥን።

እናቴ 71 ዓመቷ ነው፣ የስኳር ሕመምም አለባት። በሬዲዮ «በዕድሜ የገፉና ተጓዳኝ ሕመም ያለባቸው» በተባለ ቁጥር ሁላችንም ሳናስበው ወደ እሷ እንዞር ነበር፤ እሷም «ምን ታፈጡብኛላችሁ?» ትላለች። የጤና ሚኒስትሯ የዶ/ር ሊያ ታደሰ ዕለታዊ መግለጫ በዚያ ሰሞን በቤታችን እንደ ዜና ሰዓት የተከበረ ነበር። ቫይረሱ የተገኘባቸው ሰዎች ጥቂት ስለነበሩ ዕድሜያቸው፣ ጾታቸውና የጉዞ ታሪካቸው አንድ በአንድ ይዘረዘራል፤ እናቴም ለማታውቃቸው ሰዎች በየተራ «እሱ ይማራት»፣ «እሱ ይማረው» ትላለች። መጋቢት 27 ቀን የመጀመሪያዋ ሟች የ60 ዓመት ሴት መሆናቸው ሲነገር ደግሞ ዝርዝሩን አቋርጣ ተነሥታ ወጣች። ቁጥሩ በመቶ፣ ከዚያም በሺህ ሲቆጠር ዝርዝሩ ቀርቶ አኃዙ ብቻ ይነገር ጀመር፤ ከዚያ በኋላ መግለጫውን በቀጠሮ የሚጠብቅ ሰው ከቤታችን ጠፋ። የበሽታው ብርታት በጨመረ ቁጥር የእኛ ፍርሃት መቀነሱ ዛሬም ድረስ የሚገርመኝ ነገር ነው።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መጋቢት 30 ቀን ለአምስት ወር ታወጀ፤ ሚኒባስ ታክሲዎች በግማሽ እንዲጭኑና ታሪፉ እጥፍ እንዲሆን ተደረገ። እኔ በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ የሂሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ፣ ሂሳብ ደግሞ ኮሮና ገባ ብሎ የማይዘጋ ሥራ ስለሆነ፣ በፈረቃ ከሽሮ ሜዳ ፒያሳ መመላለሴ አልቀረም። አንድ የታክሲ ረዳት ከዓይኔ አይጠፋም። በአንድ እጁ ላይ ብቻ የፕላስቲክ ጓንት አጥልቆ፣ በዚያው እጅ ብሩን ይቀበላል፣ በዚያው እጅ መልስ ይሰጣል፣ በዚያው እጅ በሩን ይከፍታል፣ በዚያው እጅ ማስኩን ወደ አገጩ ዝቅ አድርጎ «ፒያሳ! አንድ ሰው! የሞላ!» እያለ ይጣራል። ጓንት የሌለበት እጁ ኪሱ ውስጥ ነው፤ ንጹሕ እንደሆነ። ትራፊክ ፖሊስ ሲታይ ትርፍ የተጫነው ሰው ጎንበስ ይላል፣ ሁላችንም ማስካችንን ወደ አፍንጫችን እንስባለን፣ ካለፍን በኋላ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ከቢሮው ሕንፃ በር ላይ ጥበቃው ግንባራችን ላይ የሚደቅነው የሙቀት መለኪያ ደግሞ ክረምት ከበጋ ለሁሉም ሰው 34 ዲግሪ ይሰጥ ነበር፤ በዚያ ልኬት ቢሆን ኖሮ ሁላችንም በሕይወት መኖራችንም ያጠራጥራል።

ይህን የምለው ለማላገጥ አይደለም። ቀኑን ከሰው ጋር ተጋፍቶ ካልዋለ ማታ የሚበላው ለሌለው ሰው «ቤትህ ተቀመጥ» ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ መንግሥትም ያውቅ ስለነበር፣ እንደ ሌሎች አገሮች ሙሉ በሙሉ እንዝጋ አልተባለም። የፒያሳው አትክልት ተራ ግን መጨናነቁ ስላስፈራ ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ፤ ታቦታት የሚያድሩበት ሜዳ ቲማቲምና ድንች የሚራገፍበት ገበያ ሆነ። ክረምቱ ሲመጣ ጭቃውና የበሰበሰው አትክልት ሽታ እስከ ስድስት ኪሎ ይሰማ ነበር። እናቴ ጃንሜዳን በዚያ ሁኔታ አይታ ስትመለስ ከኮሮናው ይልቅ እሱ አሳመማት። ገበያው ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ተነሥቶ ሜዳው ለ2013ቱ ጥምቀት መጽዳት ሲጀምር ወጣቶች አካፋና ዶማ ይዘው መውጣታቸውን ሰምታ፣ «አሁን ገና አገር ሊድን ነው» አለች።

ከሁሉ የከበደን ለቅሶ ነበር። ሠርግ ይዘገያል፣ ክርስትና በጥቂት ሰው ይሆናል፣ የ2012ቱን ፋሲካ ቅዳሴውን በቴሌቪዥን እያየን አሳለፍነው፤ ቀብር ግን ቀጠሮ አይሰጥም። ጎረቤታችን የሆኑ አዛውንት በዚያው ሰኔ ሲያርፉ፣ ሞታቸው ከኮሮና ጋር የተያያዘ ባይሆንም፣ የእድሩ ድንኳን አልተተከለም፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከልክሏልና። ለቀስተኛው ከግቢው በር ላይ ሆኖ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» እያለ በጥቂቱ ቆሞ ይመለሳል፣ የእድሩ ሴቶች የቀቀሉትን ንፍሮና የሠሩትን ወጥ ይዘው መጥተው በር ላይ አስቀምጠው ይሄዳሉ። የሟች ባለቤት ሰው ተደግፋ የምታለቅስበት ትከሻ አጣች። እናቴ አንድ ቀን ዝም ብላ ከቆየች በኋላ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ጠምጥማ ገብታ አቅፋት አለቀሰች፤ ማንም አልከለከላት። እኔም የማደርገው ጠፍቶኝ ሳኒታይዘር ይዤ በር ላይ ጠበቅኳት።

ስለ ክትባቱ ተስፋ የሰጠው የመጀመሪያው ዜና የመጣው በዓመቱ ጥቅምት ማብቂያ ላይ ነው። ጥቅምት 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ፋይዘርና ባዮንቴክ ክትባታቸው ከ90 በመቶ በላይ እንደሚከላከል አስታወቁ፤ ኅዳር 7 ቀን ሞደርና፣ ኅዳር 14 ቀን ደግሞ አስትራዜኔካ ተከተሉ። በዚያው ሰሞን የሰሜኑ ጦርነት ተጀምሮ የሁላችንም ጆሮ ወደዚያው ስለነበር፣ በሌላ ጊዜ ቢሆን እልል የሚያሰኘው ወሬ በአገራችን ከዜናው ጭራ ላይ ነበር የሚነገረው። በኋለኞቹ ሁለት ዜናዎች መካከል የዋለው ኅዳር 12 ቀን ግን ለእኛ የተለየ ትርጉም ነበረው። ኅዳር ሲታጠን በየሰፈሩ ቆሻሻ ተሰብስቦ የሚቃጠለው በ1911 ዓ.ም. የገባውን፣ በአዲስ አበባ ብቻ በሺዎች የሚቆጠር ሰው የጨረሰውንና አልጋ ወራሹን ራስ ተፈሪን ሳይቀር አልጋ ላይ የጣለውን የኅዳር በሽታ ለማሰብ ነው። ዓለም የ1918 ኢንፍሉዌንዛ የሚለው ያው ነው። እናቴ ከእናቷ የሰማችውን ትነግረናለች፤ ቀባሪ ጠፍቶ፣ የሚያበስል ጠፍቶ፣ አንድ ቤት ሙሉ ታሞ ውኃ የሚያቀብል ጠፍቶ እንደነበረ። በየዓመቱ ዓይናችንን የሚያቃጥለውን ጭስ ስናማርር እንዳላደግን፣ በዚያ ዓመት ከግቢያችን በር ላይ ቆመን በማስክ ውስጥ ስናስል ማንም ምንም አላለም። ያ በሽታ ክትባት አልነበረውም፤ ጭሱ ብቻ ቀረልን። ለዚህኛው ክትባት ተሠርቷል የሚለው ወሬ ያን ዕለት ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት መስሎ ተሰማኝ።

ተሠርቷል ማለት ግን ደርሶናል ማለት አልነበረም። ኅዳር 29 ቀን በእንግሊዝ አገር አንዲት የ90 ዓመት አሮጊት የመጀመሪያውን የፋይዘር ክትባት ሲወጉ በቴሌቪዥን አየን። ሜሪላንድ የምትኖረው፣ በአረጋውያን መኖሪያ የምትሠራው እህቴ ጥር ላይ ተከተበች፤ ክንዷን እያሳየች በቪዲዮ ስትደውልልን እናቴ ደስ ብሏት ስልኩን ስማ፣ ወዲያው ደግሞ «እንግዲህ እኔን ልካችሁ አስወጉኛ!» አለች። በዚያን ጊዜ በኮሮና ሕክምና ማዕከላት ሌት ተቀን የሚሠሩት ሐኪሞቻችንና ነርሶቻችን አንዳቸውም አልተከተቡም ነበር። ጥር 10 ቀን፣ በከተራ ዕለት፣ የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ዶ/ር ቴድሮስ አድኖም በ49 ሀብታም አገሮች ከ39 ሚሊዮን በላይ ክትባት ሲሰጥ በአንዲት ድሀ አገር የተሰጠው 25 ብቻ መሆኑን ተናገሩ፤ 25 ሚሊዮን ሳይሆን፣ 25 ሺህም ሳይሆን፣ 25 ብቻ። በአገር ቤት ስለ እሳቸው የሚባለው ብዙ ነው፤ ይህች ቁጥር ግን ለማንም ወገን የምታደላ አልነበረችም።

ኮቫክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ ጥምረት በ2021 እ.ኤ.አ. ማብቂያ የየአገሩን ሕዝብ አንድ አምስተኛ ለመከተብ የሚበቃ ክትባት ለማዳረስ አስቦ ነበር። የመጀመሪያውን ጋና በየካቲት 17 ቀን ተቀበለች፤ ለእኛ የካቲት 28 ቀን በሕንድ አገር የተመረተ 2 ሚሊዮን 184 ሺህ የአስትራዜኔካ ክትባት ቦሌ ገባ። ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ ስለሚሰጥ ሲከፈል ከአንድ ሚሊዮን ጥቂት ለሚበልጥ ሰው፣ ማለትም ከመቶው የአገራችን ሰው ለአንዱ ገደማ የሚበቃ ነው። የፋይዘሩ ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ ቅዝቃዜ የሚፈልግ ሲሆን፣ ይህኛው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሚያስቀምጥ ተራ ማቀዝቀዣ ስለሚቆይ፣ የኩፍኝና የሌሎች የሕፃናት ክትባቶች ወደየወረዳው በሚጓዙበት በዚያው መንገድ መጓዝ ይችላል። መጋቢት 4 ቀን ዘመቻው በይፋ ሲጀመር ቅድሚያው ለጤና ባለሙያዎች ተሰጠ፤ ቀጥሎ ለአረጋውያንና ተጓዳኝ ሕመም ላለባቸው እንደሚሆን ተነገረ። እናቴ በሁለቱም መስፈርት ታልፋለች። እኛም ቀኑን መቁጠር ጀመርን።

ችግሩ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ዘመቻው ከመጀመሩ ሁለት ቀን ቀድሞ ዴንማርክ በደም መርጋት ሥጋት የአስትራዜኔካን ክትባት አገደች፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጀርመንና ፈረንሳይም ለጊዜው አቆሙ። ወሬው ወደ ሰፈራችን ሲደርስ «ለጊዜው» የምትለዋ ቃል መንገድ ላይ ቀርታ ነበር። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ጥቅሙ ከጉዳቱ እንደሚበልጥ ማስታወቁን፣ የደም መርጋቱም እጅግ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም መሆኑን እኔ በስልኬ አነባለሁ፤ ጎረቤቶቻችን ደግሞ በስልካቸው ሌላ ነገር ያነባሉ። «ፈረንጅ የጣለውን ነው ለእኛ የላከው» የሚል አለ፤ «ልጅ እንዳይወለድ ነው» የሚል አለ፤ ይኼኛውን የምትናገረው ደግሞ የ68 ዓመት ጎረቤታችን ነበረች። የሚያሳዝነው ይህ ሁሉ ሲወራ በሽታው በአገራችን ከመቼውም በላይ የበረታበት ወቅት መሆኑ ነው፤ በመጋቢት መጨረሻ በቀን ከ2 ሺህ በላይ ሰው ሲያዝ፣ ኦክስጅንና የጽኑ ሕሙማን አልጋ ማግኘት ዘመድና ወዳጅ የሚያስፈልገው ነገር ሆኖ ነበር። የሥራ ባልደረባዬ አባታቸውን ለማስተኛት ሌሊቱን ሙሉ ከአንዱ ሆስፒታል ወደ ሌላው ሲዞሩ አድረው፣ ጠዋት ቢሮ ገብተው ዝም ብለው ኮምፒውተራቸውን ከፈቱ።

እናቴ ወላወለች። እኔ በመረጃ ልረታት ሞከርኩ፣ እህቴ ከሜሪላንድ በስልክ ሞከረች፤ ሁለታችንንም በጨዋነት አዳምጣ «እስቲ እናያለን» ብላ አሰናበተችን። የእናቴን «እስቲ እናያለን» የሚያውቅ ሰው እምቢታ መሆኑን ያውቃል። ሐሳቧ መለስ ማለት የጀመረው ከእኛ ክርክር ሳይሆን ከገዛ ክንዷ ነው። በግራ ክንዷ ላይ፣ ከትከሻዋ ዝቅ ብሎ፣ የአምስት ሳንቲም ስፋት ያላት፣ መሐሏ ጎድጎድ ብላ ዙሪያዋ የተጨማደደ ጠባሳ አለች፤ የፈንጣጣ ክትባት ጠባሳ ናት። ፈንጣጣን ከኢትዮጵያ የማጥፋቱ ዘመቻ የተጀመረው በ1963 ዓ.ም. ሲሆን፣ እናቴ ያኔ መንዝ ውስጥ የሃያ አንድ ዓመት ወጣት ነበረች። ከታቢዎቹ በእግርና በበቅሎ ገደሉን ሲወጡ፣ ሰዉ ልጆቹን እያሸሸ ጎተራ ውስጥ ይደብቅ እንደነበር፣ የአገሩ ሰው ከፈንጣጣ በሽተኛ ቁስል ወስዶ ለጤነኛው የሚከትበውን የራሱን ዘዴ አምኖ የእነሱን መርፌ እምቢ እንዳለ ታስታውሳለች። እሷን ያስከተቧት አባቷ ናቸው፤ ሁለት ወንድሞቻቸው በፈንጣጣ ዓይናቸው ጠፍቶ ስለነበር ብዙም አላሰቡበትም። ነሐሴ 1968 ዓ.ም. የመጨረሻው የፈንጣጣ በሽተኛ በአገራችን ተመዘገበ። «ያኔም እንዲሁ ተወርቷል» አለች አንድ ማታ፣ ጠባሳዋን በአውራ ጣቷ እያሻሸች፤ «መርፌው ያመክናል ተብሏል። ይኸው ስድስት ወለድኩ።»

ሚያዝያ ላይ፣ ሁዳዴና ረመዳን በተገናኙባቸው ሳምንታት፣ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ለመከተብ ሳይሆን «ልጠይቅ» ብላ ነው የሄደችው። የክትባት ክፍሏን ሲስተር የማያውቃት የሰፈር ሰው የለም፤ የእህቴን ልጅ የፖሊዮ ጠብታ ያቀመሰችው፣ የጎረቤቶቻችንን ሕፃናት ሁሉ ያስለቀሰችው እሷ ናት። እናቴ ሰላምታውን እንደ ጨረሰች፣ «ለመሆኑ አንቺ ተወግተሻል?» አለቻት። ሲስተርም እጅጌዋን እየሰበሰበች፣ «መጋቢት ላይ ተወግቻለሁ እማማ፤ አንድ ሌሊት ስንቀጠቀጥ አድሬ በማግስቱ ሥራ ገባሁ። እናቴንም ባለፈው ሳምንት ወግቻታለሁ» አለች። እናቴ ሌላ አልጠየቀችም። የዓለም ጤና ድርጅት መግለጫ፣ የሚኒስቴሩ ማስታወቂያ፣ የሁለት የተማሩ ልጆቿ ክርክር ያላደረገውን «እናቴንም ወግቻታለሁ» የምትለው አንዲት ዐረፍተ ነገር አደረገችው።

ነገር ግን ወዲያው አልተወጋችም። አንዷ የክትባት ብልቃጥ ለአሥር ሰው የምትሆን ናት፤ አንዴ ከተከፈተች በስድስት ሰዓት ውስጥ ካላለቀች የተረፈው ይደፋል። ከሕንድ የመጣው ክትባት እንዲህ ውድ በሆነበት ጊዜ ሲስተር ለሁለትና ለሦስት ሰው ብላ ብልቃጥ አትከፍትም። አግዳሚው ላይ የተቀመጥነውን ቆጠረችን፤ ለመከተብ የደረሱት ሰባት ናቸው። ካፖርት የለበሱ የጥበቃ ሠራተኛ፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል የተከሉ ጡረተኛ ወታደር፣ ጾሟን እንዳይፈታባት የመስጊዷን ሼህ ጠይቃ «አይፈታም» ተብላ የመጣች ጎረቤታችን፣ ሌሎች ሦስት እናቶችና የእኔ እናት። «ሦስት ሰው ይቀረናል፤ እስኪሞላ ትንሽ ታገሡ» አለች። የጥበቃ ሠራተኛው «ታክሲ ሆንን እንዴ?» ሲሉ ሁሉም ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከግማሽ ሰዓት በኋላ አለቀ፤ ጡረተኛው ሰዓታቸውን ማየት ጀመሩ።

እናቴ ያን ጊዜ ነው ስልኳን ከቦርሳዋ ያወጣችው። መነጽሯን አድርጋ፣ ቁጥሮቹን እኔ እያነበብኩላት፣ ለጽዋ ማኅበር ጓደኞቿ ተራ በተራ ደወለች። ከአንድ ሰዓት በፊት እሷ ራሷ ወላዋይ የነበረች ሴት፣ «ምን ትጠብቂያለሽ፣ ሲስተር እናቷን ወግታ የለም ወይ!» እያለች ስትሟገት ሰማኋት። የመጀመሪያዋ «ጉልበቴን አሞኛል» ብላ አመለጠች። ሁለተኛዋ «እኔን ኪዳነ ምሕረት ትጠብቀኛለች» ስትላት፣ እናቴ ጊዜ ሳትሰጥ «እሷማ ትጠብቅሻለች፤ እኔ የምለምንሽ ቁጥር እንድትሞይልን ነው» አለቻት። በዚህ ምክንያት መጥታ የተከተበች ሴት በዓለም ላይ ከእሷ ሌላ መኖሯን እጠራጠራለሁ፤ ነጠላዋን አፏ ላይ እያስተካከለች፣ እያጉረመረመች፣ ባሏንም አስከትላ መጣች። አሥረኛው የመጡት ጉልበቴን አሞኛል ያለችዋ ናቸው፤ ጉልበታቸው በእርግጥም አሟቸው ነበር፣ የልጅ ልጃቸውን ትከሻ ይዘው እያነከሱ ገቡ።

ሲስተር ከሰማያዊው የበረዶ ሳጥን ውስጥ አውራ ጣት የማታክል ብልቃጥ አወጣች፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየቻት፣ በቀስታ አገላበጠቻት፤ ያን ሁሉ ዓመት የጠበቅነው ነገር ይህን ያህል ትንሽ መሆኑ ጡረተኛውን «ይቺ ናት?» አሰኛቸው። ለአንድ ሰው ግማሽ ሚሊ ሊትር ነው የሚቀዳው። የእናቴ ተራ ሲደርስ የግራ ክንዷን ሰጠች፤ መርፌው ከድሮው ጠባሳ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ገባ። ተከታቢዎቹ ለሩብ ሰዓት እንዲቀመጡ ታዘው፣ ማን እንደሚያዞረው በማየት ጥበቃው ላይ ዓይናቸውን ጣሉ፤ እሳቸው በደህና ከተነሡ ሁሉም እንደሚነሣ የተስማሙ ይመስሉ ነበር። ሁሉም ተነሡ። እናቴ ማታውን ብርድ ብርድ ብሏት በጋቢ ተጠቅልላ አደረች፤ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ቡና አፍልታ የማኅበር ጓደኞቿን ሁኔታ በስልክ ትከታተል ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሆነው የሁላችንም ዜና ነው። በሕንድ በሽታው እንደ ሰደድ እሳት ተነሥቶ፣ አስከሬን ማቃጠያ እንጨት ጠፍቶ በቴሌቪዥን አየን፤ ክትባቱን የሚያመርተው ፋብሪካም ምርቱን ለራሱ ሕዝብ እንዲያውል ስለተደረገ ወደ ውጭ መላኩ ቆሟል። እናቴ የሕንድን ዜና ባየች ቁጥር «የእኔን መርፌ የሠሩት ልጆች ይሆኑ?» እያለች ታዝናለች እንጂ ክትባት ቀረብኝ ብላ ስታማርር አልሰማኋትም። ከቻይና በመጋቢት መጨረሻ የመጣው 300 ሺህ የሲኖፋርም ክትባት ሌላ ዓይነት በመሆኑ ለእነሱ ሁለተኛ ዙር አይሆናቸውም። የአስትራዜኔካው ሁለተኛ ዙር ከ8 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ እንዲሰጥ ስለሚመከር የእሷ ቀጠሮ ሐምሌ ላይ ነው። ጤና ጣቢያ ደውዬ ስጠይቅ ሲስተር ለእነሱ የሚሆነው መቀመጡን፣ ቢሆንም ከመምጣታችን በፊት እንድንደውል ነገረችኝ።

የአሥሩም ቀጠሮ በአንድ ቀን ስለዋለ የሐምሌውን ብልቃጥ የመሙላት ኃላፊነት እናቴ በራሷ ፈቃድ ወስዳለች። የአሥሩም ስልክ ቁጥር በትልልቅ ፊደል ተጽፎ ከማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፏል። ጡረተኛው ወታደር ክረምቱን ልጃቸው ጋ ሐዋሳ ሊሄዱ ነው ሲባል ሰምታ፣ ለሐምሌ እንዲመለሱ ከወዲሁ ደውላ አስጠንቅቃቸዋለች፤ ካልተመለሱ በእሳቸው ቦታ እኔን ማስገባት ይቻል እንደሆነ ሲስተርን ብትጠይቃት፣ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ተራው ገና እንዳልደረሰ፣ ደግሞም ይህ የሁለተኛ ዙር ብልቃጥ መሆኑን በትሕትና አስረድታታለች።